ስልክና ሰዓት የአእምሮ ውጥረትን ይለካሉ? በስፋት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የስልክዎ ካሜራ ላይ ጣትዎን ለ30 ሰከንድ ያሳርፉ ወይም ስማርት ሰዓት ያድርጉ፤ የአእምሮዎ ውጥረት በቁጥር ይነገርዎታል፤ መጠይቅ መሙላትም ሆነ ባለሙያ ማነጋገር አያስፈልግዎትም። ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ ያስታውቃል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ለብዙው ሰው ሩቅ በሆነበት አገር ርካሽ መለኪያ ቢገኝ የሚለው ምኞት የእኔም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው አምኖ ስላጋራው በዝርዝር መመለስ አለበት።

ጽሑፉ ስድስት ነገሮችን ያስረዳል። በብርሃን የሚለካው የልብ ትርታ ከኢሲጂ (ከልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እኩል ነው፤ ማንኛውም ስልክ በ30 ሰከንድ ልኬት በቂ መረጃ ይሰጣል፤ "ኤልኤፍ ለኤችኤፍ" የሚባለው ንጽጽር (የልብ ምት ዝግተኛ መለዋወጥ ለፈጣኑ ሲካፈል የሚገኘው) እና ለሶቪየት ጠፈርተኞች የተቀመረው የውጥረት ኢንዴክስ ውጥረትን በቀጥታ ያሳያሉ፤ ጥናቶች ከ95 በመቶ በላይ ትክክለኛነቱን አረጋግጠዋል፤ የቆዳ ቀለም ለውጥ አያመጣም፤ ስለዚህም ቀጣሪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኛና ተማሪ ሊመረምሩበት ይገባል። የመጀመሪያውና አምስተኛው ግማሽ እውነት አላቸው። ሌሎቹ ውሃ አያነሱም፤ የመጨረሻው ደግሞ ሰው ይጎዳል።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደሚያይ እንግባባ። ዘዴው ፎቶፕሌቲስሞግራፊ፣ ባጭሩ ፒፒጂ ይባላል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አልሪክ ኸርትዝማን በ1930ዎቹ መጨረሻ የቆዳን የደም ዝውውር ያጠናበት ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። ኤልኢዲ መብራት ወደ ቆዳ ብርሃን ይልካል። ልብ በመታ ቁጥር ትንንሾቹ የደም ቅዳ ቧንቧዎች በደም ይሞላሉ፣ ደሙም ብርሃኑን ስለሚውጠው ወደ ሴንሰሩ የሚመለሰው በመጠኑ ይቀንሳል። የእጅ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ 530 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ አረንጓዴ ብርሃን ይጠቀማሉ። ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ 660 ናኖሜትር ቀይና 940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ይጠቀማል። ከሚመለሰው ብርሃን ውስጥ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ነው። የተቀረው ከቆዳው፣ ከሕብረ ሕዋሱና ከማይዋዥቀው ደም የሚመጣ ነው። እጅ በትንሹ ሲነቃነቅ የሚፈጠረው ለውጥ ያንን 1 በመቶ በቀላሉ ይውጠዋል። ሴንሰሩ የሚያውቀው ይህን የብርሃን ከፍ ዝቅ ብቻ ነው፤ "ውጥረት" የሚለው ቃል የሚጨመረው ከዚያ በኋላ በሚሠራ ስሌት ነው። ስሌቱ የሚያየው በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ነው፤ ትልቅ መለዋወጥ እንደ መረጋጋት፣ ትንሽ መለዋወጥ እንደ ውጥረት ይቆጠራል።

"ከኢሲጂ እኩል ነው"

ኢሲጂ የሚመዘግበው ልብ ውስጥ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ፒፒጂ ግን ያ ምት ያስነሳው የደም ሞገድ ጣት ወይም የእጅ አንጓ ላይ ሲደርስ ነው የሚያየው። በመካከሉ ሩብ ሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት አለ። መዘግየቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ክፍተት አይዛባም ነበር። ነገር ግን ከምት ወደ ምት ይለያያል። የደም ግፊት ሲጨምር የቧንቧዎቹ ግድግዳ ይወጠርና ሞገዱ ይፈጥናል። አተነፋፈስም፣ የክንድ አቀማመጥም ይለውጠዋል። ውጥረት ራሱ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልብ ደም መርጨት ከመጀመሯ በፊት የሚወስድባትን አጭር የዝግጅት ጊዜም ያሳጥራል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ መሣሪያዎች የሚስማሙት ሰውየው ዘና ሲል ነው፤ ልንለካው የፈለግነው ነገር ሲመጣ ስምምነታቸው ይላላል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ግን መካድ አይገባም። ጤናማ ሰው ጋደም ብሎ ሳይንቀሳቀስ ሲለካ ፒፒጂ የሚያወጣው የምት ክፍተት ከኢሲጂው ጋር በጣም ይቀራረባል። በእንቅልፍ ሰዓት የሚወሰድ የሰዓት ልኬት ከቀኑ የበለጠ የሚታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የልብ ምት ሥርዓት መዛባት ያለበት ሰው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያለጊዜው የመጣ ምት ልብ ሳትሞላ ስለሚሆን የሚረጨው ደም ትንሽ ነው፤ ሞገዱ ጣት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ፒፒጂ አንድ ምት ይዘላል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለበት ሰው ደግሞ ምቱ ፍጹም ስለሚዘበራረቅ የልብ ምት መለዋወጡ በጣም ትልቅ ሆኖ ይወጣል። አፕሊኬሽኑ ትልቅ መለዋወጥን የመረጋጋት ምልክት አድርጎ ስለሚተረጉም፣ ሐኪም ማየት ያለበትን ሰው "ዘና ብለዋል" ብሎ ያሰናብተዋል።

"ማንኛውም ስልክ፣ 30 ሰከንድ"

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። አብዛኞቹ አፕሊኬሽኖች የሚመረኮዙት አርኤምኤስኤስዲ በተባለ ቁጥር ላይ ነው። ተከታታይ የምት ክፍተቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ በሚሊሰከንድ ይገልጻል። ዕረፍት ላይ ባሉ ብዙ አዋቂዎች ከ20 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ይውላል። ማለትም የምንፈልገው ልዩነት የአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ወይም ሃያኛ ነው።

የስልክ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም ያነሳል፤ በሁለት ፍሬሞች መካከል 33 ሚሊሰከንድ አለ። የሞገዱ ጫፍ በሁለቱ መካከል ሲውል ቀላል አፕሊኬሽን ቅርቡን ፍሬም ይይዛል። ስህተቱ እስከ 17 ሚሊሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊሆን ይችላል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (የተለመደው መዛነፍ) 9.6 ነው። አርኤምኤስኤስዲ ሲሰላ እያንዳንዱ ልዩነት ሦስት ጫፎችን ይነካል፣ መካከለኛው ሁለቴ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ስህተቱ በ2.45 ተባዝቶ ወደ 24 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። አንድም ሚሊሰከንድ ሳይዛነፍ የሚመታ ልብ ቢኖር እንኳ እንዲህ ያለው አፕሊኬሽን 24 ያነብለታል። እውነተኛ ቁጥሩ 20 የሆነ ሰው ወደ 31 ይወጣለታል። ዝቅተኛ መለዋወጥ ያለው ሰው፣ ማለትም አፕሊኬሽኑ ሊያገኘው የሚገባው ሰው፣ በካሜራው ስህተት ተሸፍኖ ደህና ይመስላል።

መፍትሔ አለው፤ ጸሐፊው ግን አላነሱትም። በጫፉ ዙሪያ ባሉት ነጥቦች ውስጥ ኩርባ አስልፎ እውነተኛውን ጫፍ በፍሬሞቹ መካከል ማስላት ይቻላል። ከጫፉ ይልቅ ሞገዱ በጣም ቀጥ ብሎ የሚወጣበትን ቦታ መያዝ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ጫፉ ክብ ስለሆነ ትንሽ ሁከት ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 60 ፍሬም ይቀረጽ። ከሁሉ በላይ የእያንዳንዱ ፍሬም የራሱ የሰዓት ምልክት ይወሰድ። ስልኮች ብርሃን ሲያንሳቸው ወይም ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ የፍሬም ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ "30 ነው" ብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ያኔ በሙሉ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ፣ እውነተኛ አርኤምኤስኤስዲው 30 የሆነ ሰው ለአንድ ደቂቃ ተለካ እንበል። ከ75ቱ ምቶች በአንዱ ላይ ብቻ ፕሮግራሙ ዋናውን ጫፍ ስቶ በሞገዱ ቁልቁለት ላይ ያለውን ሁለተኛ ጉብታ በ200 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ያዘ። አንዱ ክፍተት በ200 ይረዝማል፣ ተከታዩ በ200 ያጥራል፤ በተከታታይ ልዩነቶቹ ላይ 200፣ 400 እና 200 ይጨመራሉ። እነዚህ በካሬ ተደምረው የመጨረሻውን ቁጥር ከ30 ወደ 64 ገደማ ያዘልሉታል። በአንድ ምት ስህተት የሰውየው "መረጋጋት" ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የክፍተቶቹን ዝርዝር የማያሳይ፣ የተጣሉ ምቶችን ብዛት የማይናገር አፕሊኬሽን የሚሰጠውን ነጥብ ማመን የሚቻልበት መንገድ የለም።

ጊዜውስ? የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርና የሰሜን አሜሪካ የልብ ምትና ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 በጋራ ያወጡት መመሪያ፣ ኤችኤፍ የተባለውን ክፍል ለማስላት ወደ 1 ደቂቃ፣ ኤልኤፍ ለተባለው ወደ 2 ደቂቃ ቀረጻ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል፤ ለንጽጽር እንዲመች ደግሞ 5 ደቂቃን መደበኛ ያደርጋል። ኤልኤፍ ከ0.04 ኸርዝ ይጀምራል፤ የዚያ አንድ ዙር ብቻ 25 ሰከንድ ይፈጃል። በ30 ሰከንድ ውስጥ አንድ ዙር አይቶ ስለ ዙሮቹ ጉልበት መናገር አይቻልም። አርኤምኤስኤስዲ በ60 ሰከንድ ንጹሕ ቀረጻ ተቀባይነት ያለው ግምት ሊሰጥ እንደሚችል ግን እቀበላለሁ።

በስልክ መለካት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ። እጅ ከቀዘቀዘ በመጀመሪያ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ጣት ላይ ቧንቧዎቹ ስለሚጠብቡ ሞገዱ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ ያሳርፍ። ጣቱ ሌንሱንና ፍላሹን ይሸፍን፣ ነገር ግን አይጫን፤ ጥፍሩ ሥር እስኪነጣ የተጫነ ጣት ደሙን ስለሚገፋ ሞገዱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ካሜራው ብርሃንና ቀለም በራሱ እንዳያስተካክል ይቆለፍ፤ ካልሆነ ልክ ሞገዱ ሲነሳ ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ያካክሰዋል። ፍላሽ በርቶ ቀይ ቀለሙ ብዙ ጊዜ እስከ ጣሪያው ስለሚሞላ ምንም ከፍ ዝቅ አያሳይም፤ ያኔ አረንጓዴው ቀለም ይወሰድ። በቀረጻው ጊዜ አይነጋገር። ሰዓት የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ የማይንሸራተት ግን ቆዳ ላይ ጉድጓድ የማይተው አድርጎ ይሰረው።

"ኤልኤፍ ለኤችኤፍ እና የጠፈርተኞቹ ኢንዴክስ"

ጽሑፉ ኤልኤፍን የ"ውጥረት ነርቭ"፣ ኤችኤፍን የ"መረጋጋት ነርቭ" ያደርጋቸውና አንዱን ለአንዱ በማካፈል ሚዛኑ ይታወቃል ይላል። ይህ አባባል በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተስፋፍቶ ነበር፤ ጸሐፊው ከአየር ላይ አላመጡትም። ሆኖም ኤልኤፍ ከሁለቱም ነርቮችና ከደም ግፊት ማስተካከያው ሥርዓት ተቀላቅሎ እንደሚመጣ፣ አብዛኛውም ልብን የሚያረጋጋው የቬገስ ነርቭ ሥራ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ጆርጅ ቢልማን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ግምገማ ንጽጽሩ የነርቮቹን ሚዛን በትክክል እንደማይለካ በዝርዝር ያሳያል።

በገዛ ትንፋሽ ማረጋገጥ ይቻላል። ኤችኤፍ ከ0.15 እስከ 0.40 ኸርዝ ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ 0.25 ኸርዝ ስለሆነ የልብ ምቱን ማዕበል ኤችኤፍ ውስጥ ይጥለዋል። ያው ሰው አተነፋፈሱን አዝግሞ በደቂቃ 6 ጊዜ ቢተነፍስ ማዕበሉ ወደ 0.1 ኸርዝ፣ ማለትም ወደ ኤልኤፍ ይሻገራል። ቀመሩ ያኔ ውጥረቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ ይላል። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋ ድግምት ትንፋሽን ወደ 6 ያወርዳሉ። በዝግታ ጸሎቱን የሚያደርስ ወይም ዚክር የሚያደርግ ሰው ልቡ በሰከነበት ሰዓት ስልኩ ቀይ ያበራበታል።

የጠፈርተኞቹን ኢንዴክስ ያወጣው የሶቪየቱ የጠፈር ሕክምና ሊቅ ሮማን ባየቭስኪ ነው። የምት ክፍተቶቹ በ50 ሚሊሰከንድ ክፍል ተከፋፍለው ብዙ ክፍተት የወደቀበት ክፍል የያዘው መቶኛ ይወሰዳል፤ በጣም የተደጋገመው ክፍተት በሁለትና በረዥሙና በአጭሩ ክፍተት መካከል ባለው ልዩነት ይባዛል፤ መቶኛው ለዚህ ብዜት ይካፈላል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከ50 እስከ 150 ይጠበቅበታል። እናስላው። መቶኛው 40፣ ተደጋጋሚው ክፍተት 0.8 ሰከንድ፣ ረዥሙ 0.92፣ አጭሩ 0.67 ቢሆን ልዩነቱ 0.25 ነው፤ 2 በ0.8 በ0.25 ሲባዛ 0.4 ይሆናል፤ 40 ለ0.4 ሲካፈል 100 ይመጣል። አሁን ጣቱ ትንሽ ተንሸራትቶ አንድ ምት ሳይታይ አለፈ። አንዱ ክፍተት 1.6 ሰከንድ ሆነ፣ ልዩነቱም 0.93። ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 27 ወረደ። ፕሮግራሙ በተቃራኒው ከመጠን በላይ "አጽድቶ" ዳር ዳር ያሉትን ክፍተቶች ቢጥልና ልዩነቱ 0.12 ቢቀር ከ200 በላይ ይወጣል። ሰውየው ያው ሰው፣ ደቂቃውም ያው ደቂቃ ነው። ቀመሩ በሁለት ጽንፍ ምቶች ላይ ስለሚንጠለጠል በባለሙያ የታረመ የኢሲጂ ቅጂ ይፈልጋል። ጠፈርተኞቹ የተለኩት እንዲያ ባለ ቅጂ ነው፤ በፍላሽ አልተለኩም።

ቀረጻው ፍጹም ንጹሕ ቢሆንም ቁጥሩን የሚገፉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ከመኝታ መነሳት ብቻውን የልብ ምትን በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊጨምር ይችላል። ትኩሳት፣ ጫት፣ አልኮል፣ የውሃ ጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት ሁሉም መለዋወጡን ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ተነስቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ፈጠን ሊል ይችላል፤ ሰዓቱ ይህንን "ውጥረት" ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር ተደስቶ ተቀምጦ እያለ። ዕድሜ ሲጨምር መለዋወጡ ይቀንሳል። የስኳር ሕመም ነርቩን የጎዳበት ሰው ዓመቱን ሙሉ "የተወጠረ" ይመስላል፤ ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያዘገም መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ "የተረጋጋ"።

"ከ95 በመቶ በላይ"

እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በጥናቶች ላይ አሉ፤ ጸሐፊው አልፈጠሯቸውም። ከየት እንደሚመጡ ማየት ግን ይገባል። በጣም ከሚጠቀሱት የመረጃ ስብስቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን የተዘጋጀው ዌሳድ ነው። የተካተቱት ሰዎች 15 ናቸው። ውጥረቱ የተፈጠረው በትሪየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 በተቀረጸው ፈተና ነው፦ ተፈታኙ በገምጋሚዎች ፊት ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ የቅነሳ ስሌት ይሠራል። በመጀመሪያው የትሪየር ቅጂ ከ1022 ጀምሮ 13 እየቀነሱ መውረድ ነው። ዕረፍቱ ደግሞ በጸጥታ ማንበብ ነው። ልብ ይበሉ፦ በአንዱ ሰውየው ይናገራል፣ በሌላው ዝም ብሏል። መናገር ብቻውን አተነፋፈስን ይቆራርጣል፣ የምት መለዋወጡንም ይቀይራል። አልጎሪዝሙ ያወቀው ውጥረቱን ይሁን ንግግሩን በዚህ አሠራር መለየት አይቻልም።

የዌሳድ አዘጋጆች ራሳቸው ጥንቁቆች ነበሩ። አንዱን ሰው ሙሉ በሙሉ አስቀርተው በሌሎቹ አሠልጥነው በእሱ ፈተኑ። ውጥረት ያለና የሌለ ብቻ ሲለይ እስከ 93 በመቶ ደረሱ፤ የሚያዝናና ቪዲዮ የሚያይ ሰው እንደ ሦስተኛ ወገን ሲጨመር ወደ 80 ወረደ። ከፍተኛው ውጤት የመጣው ደግሞ ኢሲጂ፣ ትንፋሽና የቆዳ ላብ አንድ ላይ ከሚለካው የደረት ማሰሪያ ነው፤ የእጅ አንጓው ብርሃን ብቻውን ያስገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ 98 እና 99 በመቶ የሚሉ ሥራዎች ሲገለጡ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይገኝባቸዋል። የ60 ሰከንድ መስኮት በሩብ ሰከንድ እየተንሸራተተ ይቆረጣል፤ ጎረቤታም መስኮቶች 99.6 በመቶ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ከዚያ በዕጣ ለሥልጠናና ለፈተና ይከፋፈላሉ። ሞዴሉ የሚፈተነው አስቀድሞ ባየው ነገር ነው። አንድ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎት ጥያቄ፦ የተፈተነው ሰው ሥልጠናው ውስጥ ነበረ ወይ? የሚለው ነው።

ከቤተ ሙከራ ሲወጣስ? በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 የሚጠጉ ተማሪዎችን የጋርሚን ሰዓት አስደርገው ለሦስት ወራት ተከታተሉ፤ በየዕለቱ ደጋግመው ስሜታቸውን ጠየቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ውጤት፣ ሰዓቱ የሰጠው የውጥረት ነጥብና ተማሪዎቹ የተናገሩት ውጥረት ለአብዛኞቹ ግንኙነት የሌለው ያህል እንደሆነ አሳየ። እንቅልፍ ላይ ግን ሰዓቱ በተሻለ ተስማማ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ደስታም፣ ንዴትም፣ ደረጃ መውጣትም፣ ፍቅርም ልብን ያፈጥናሉ።

ለመሆኑ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። አንድ ሰው በራሱ ሌሊት የሚወሰደውን ቁጥር ለሳምንታት ቢከታተልና የተለመደውን ክልሉን ቢያውቅ፣ ከዚያ ለተከታታይ ቀናት ሲወርድ አካሉ አንድ ጫና እንደተሸከመ ያያል። ጫናው ጉንፋን ይሁን፣ የሥልጠና ብዛት፣ መጠጥ ወይም ሐሳብ፣ ሰውየው ራሱ መርምሮ ይወቀው። ከጎረቤቱ ቁጥር ጋር ማወዳደር ግን ምንም አይነግረውም። የሞገዱ ቁመትም የሚናገረው አለ፦ በአእምሮ ሥራ ስንጨናነቅ የጣት ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ሞገዱም ያጥራል። ብርድም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጣትን ጠበቅ አድርጎ መጫንም።

"የቆዳ ቀለም ለውጥ አያመጣም"

ለአማካይ የልብ ምት ጸሐፊው ድጋፍ አላቸው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ ሰዓቶችን ሲያወዳድሩ ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ትልቁ ስህተት የመጣው ከእንቅስቃሴ ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት፣ የኦክስጅን መለኪያው የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በበለጠ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። ሜላኒን ብርሃንን፣ በተለይም አረንጓዴውን ይውጣል። አማካይ ምት ለማወቅ የደከመ ሞገድ ይበቃል፤ የእያንዳንዱን ምት ጊዜ በሚሊሰከንድ ለመያዝ ግን አይበቃም። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ የጣት ውስጠኛው ገጽ ሜላኒኑ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከእጅ አንጓ ይልቅ የጣት ልኬት ይመረጥ። ለሠርግ ጣታቸውን በጥቁር ሂና የቀቡ ሰዎች ግን ብርሃኑ ሊታገድባቸው ይችላል።

"ቀጣሪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበት"

የጸሐፊውን ተስፋ ተቀብለን መሣሪያው ከእውነቱ የተሻለ ነው እንበል፤ ከተወጠሩት 90 በመቶውን ይይዛል፣ ካልተወጠሩትም 90 በመቶውን በትክክል ያልፋል። ከ1,000 የአንድ ደቂቃ ልኬቶች በ50ዎቹ ሠራተኛው በእርግጥ ተወጥሮ ነበር እንበል። መሣሪያው ከእነዚህ 45ቱን ይይዛል። ከቀሩት 950 ደግሞ 95ቱን በስህተት ይከሳል። ከ140 ማስጠንቀቂያዎች 95ቱ፣ ማለትም ከሦስት ሁለቱ፣ ሐሰት ናቸው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሾፌር ከመንገድ ማንሳት ወይም የጥሪ ማዕከል ሠራተኛን መገምገም አድልዎ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበትን፣ በዕድሜ የገፋውን፣ ያተኮሰውን ሠራተኛ ለይቶ ይመታል።

ሕጉም ይጠየቅበታል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ የኅብረቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ በሥራና በትምህርት ቦታ የሰዎችን ስሜት ከሰውነት ምልክት የሚገምቱ ሥርዓቶችን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በስተቀር፣ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ እንደከለከለ ይወቁ። የሥራ ጫናን ማወቅ የፈለገ ቀጣሪ የፈረቃውን ርዝመት፣ የትርፍ ሰዓቱን መዝገብና ያልተወሰደውን የዓመት ፈቃድ ይመልከት፤ ለዚህ ሴንሰር አያስፈልግም።

መጠይቅ አያስፈልግም ለሚለውም ይህን ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ሃያ "አዎ ወይም አይደለም" የሚባልባቸው ጥያቄዎች አሉት፤ ቡታጅራ አካባቢን ጨምሮ በኢትዮጵያ ጥናቶች ላይ ተፈትኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ለድብርት የሚያገለግለው ፒኤችኪው-9ም በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። ወረቀትና እርሳስ ይበቃቸዋል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጤና ባለሙያው ያነብለታል። ከሃያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሰውየው ሕይወቱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። "አዎ" ብሎ የመለሰ ሰው ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ መድረስ አለበት። ጣቱን ካሜራ ላይ ቢያሳርፍ ግን ያው ሰው ምቱ የተስተካከለ፣ ነጥቡም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።